የሚያጓራው ሚክሰር፦ ጥያቄና መልስ

በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የእድራችን ዕቃ ጠጋኝ እኔ ነኝ። በዓል ሲቃረብ ደጄ ላይ የሚደረደረው የሊጥ ሚክሰር ስለበዛብኝ፣ ዘንድሮ «መጀመሪያ ጠይቁኝ፣ ዕቃውን ኋላ ታመጣላችሁ» አልኩ። ከአጎራባች ሰፈሮችም ጥያቄ ደረሰኝ። የምናወራው ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ሳህኑን ከሥሩ ይዞ ስለሚያቦካው ነው።

ጥያቄ (ከኮዬ ፈጬ)፦ ጋሼ፣ ሚክሰሬ ባዶውን ሲዞር ደህና ነው። ለድፎ ዳቦ ሳቦካበት ግን እንደ ወፍጮ ያጓራል።

መልስ፦ ግማሹን መልስ ራስሽ ነግረሽኛል። ባዶውን ዝም ብሎ ሲጫን የሚያጓራ ከሆነ፣ ከሞተሩ በፊት ማርሹን እጠረጥራለሁ። በብዙዎቹ ሞተሩ ጭንቅላቱ ውስጥ ተጋድሞ ይተኛል፤ የዘንጉ ጫፍ እንደ ብሎን ጥርስ ወጥቶለት አንድ ማርሽ ያዞራል፣ ያ ማርሽ ጉልበቱን ወደ ማቡኪያው፣ ሊጡ ውስጥ ወደሚዞረው ብረት፣ ያወርዳል። ከማርሾቹ አንዱ ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ ከሌሎቹ ለስለስ ካለ ነገር ይሠራል፤ ጭነት ሲበዛ እሱ ተሰብሮ ሞተሩ እንዲተርፍ። ለመሆኑ ስንት ኪሎ ነበር ያስገባሽው? 4.5 ሊትር ገደማ ለሚይዝ ሳህን ከ1 ኪሎ ዱቄት አይለፍ። ያልተነፋ የወፍጮ ቤት ስንዴ ከሆነ ከዚያም ይነስ፤ ውኃ ጠጥቶ ሲጠነክር ማርሽ ይፈጃል። የበዓሉን 3 ኪሎ ከፋፍለሽ አቡኪው፣ በየመካከሉም ማሽኑ ይረፍ። ሊጥ በዝግታ ነው የሚቦካው፤ ፍጥነቱን ለእንቁላልና ለክሬም ተዪው።

ጥያቄ (ከዚያችው እህት)፦ ራሴ ልከፍተው እችላለሁ?

መልስ፦ ትችያለሽ፣ ከሶኬቱ ከነቀልሽ በኋላ። «አጥፍቼዋለሁ» አይበቃም። እያንዳንዱን ብሎን ከመፍታትሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺ፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬም አነሣለሁ። በብዙዎቹ ማቡኪያው የሚሰካበትን ክፍል አንድ ቀጭን የብረት ካስማ ይዞታል፤ በምስማርና በትንሽ መዶሻ መታ መታ ስታደርጊው ይወጣል። ከዚያ ከሥር ያሉትን ብሎኖች በካቻቢቴ ፍቺ።

ክዳኑ ሲነሣ የምታዪው ግራሶ ነው። ጤነኛው ማርሹ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ያረጀው ወደ ግድግዳው ተወርውሮ እንደ ደረቀ ማር ተጋግሯል፣ ማርሹም ራቁቱን ቀርቷል። ቆንጠር አድርገሽ በሁለት ጣትሽ እሺው። ልስልስ ካለ አሮጌውን ጠርገሽ አዲስ መቀባት ሊበቃ ይችላል። እንደ አሸዋ ከቆረቆረሽ፣ ወደ መስኮት አስጠግተሽም ቢጫ ብልጭታ ካየሽበት፣ ማርሹ ተበልቷል። መርካቶ ስትሄጂ ስሙን ብቻ ይዘሽ እንዳትሄጂ፤ አሮጌውን ማርሽ በእጅሽ ያዢ። የጥርሱ ቁጥር፣ ስፋቱና የመሐል ቀዳዳው ሦስቱም መግጠም አለባቸው። ምናለሽ ተራ «ይሆናል» የሚልሽ አይጠፋም። አይሆንም።

ጥያቄ (ከገላን)፦ ባለቤቴ የመኪና ግራሶ ልቀባው ይላል። እኔ የኑግ ዘይት ይሻላል ብያለሁ። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ በመካከላችሁ መግባት ባልወድም፣ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። ማርሹ ያለው ከሳህኑ በላይ ነው፤ ግራሶው አንድ ቀን ሊጡ ላይ መንጠባጠቡ አይቀርም። ስለዚህ ለምግብ ማሽን ተብሎ የተሠራውን ግዙ። የኑግ ዘይት ደግሞ ሲቆይ ይደርቅና እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ምጣድ ላይ አላያችሁትም?

ጥያቄ (ከአቃቂ)፦ እህቴ ከአሜሪካ የላከችልኝ ሚክሰር ገና ሲሰካ አፏጭቶ ጨሰ።

መልስ፦ አዝናለሁ፣ ወንድሜ። የአሜሪካው በ120 ቮልት ይሠራል፣ የእኛ መስመር 220 ነው። ሌላ ቀን የሚመጣልህን ሳትሰካ ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብብ። 120 ካለ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ለ300 ዋት ሚክሰር 500 ዋት የሚችል ግዛ። የአሁኑን ግን መልሰህ አትሰካው። የሞተሩ ሽቦ ከተቃጠለ ማርሹ ደህና ነውና ለጎረቤት መለዋወጫ ይሆናል።

ጥያቄ (ከእኛው ግቢ)፦ በየዙሩ ቋ ይላል።

መልስ፦ ማቡኪያው ሳህኑን እየነካ ይሆናል። ጭንቅላቱ ወደ ላይ የሚነሣ ዓይነት ከሆነ፣ አንገቱ አካባቢ ከፍታውን የሚያስተካክል ብሎን ፈልጊ፤ ሩብ ዙር እያዞርሽ ሞክሪ። መለኪያው ሳንቲም ነው። ባዶ ሳህን ውስጥ ዐሥር ሳንቲም ጣይና በዝቅተኛው ፍጥነት አስነሺው። ማቡኪያው ሲያልፍ ሳንቲሟን በትንሹ ገፋ ካደረጋት ልክ ነው። ካልነካት ርቋል፣ ካሽቀነጠራት ወርዷል። ዐሥር ሳንቲም ዛሬ ሌላ ሥራ ያለው አይመስለኝም።

ጥያቄ (ከገላን)፦ ሲጢጥ ይላል፣ በጎኑም የእሳት ብልጭታ ይታየኛል።

መልስ፦ ካርቦኑ፣ ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ጥቁር ቁራጭ፣ አልቆ ይሆናል። በብዙዎቹ ጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ላይ ክብ ክዳን አለ፤ ፈትተህ አውጣው። ከ6 ሚሊ ሜትር ካጠረ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ለውጥ። አዲሱ እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ቢያብለጨልጭ አትደንግጥ።

ጥያቄ (ከአቃቂ)፦ የእኔ አይጮኽም። ዓመት ሙሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆይቶ ዛሬ ሳወጣው ዘይት ሊጡ ላይ አንጠባጠበ።

መልስ፦ ሳይሠራ ሲቆም ዘይቱ ከግራሶው ይለያል። ግራሶው ይለወጥ። ሊጡን ጣዪው።