ድባቴን በማግኔት ስለማከም፦ ለአምስት ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በአሜሪካ የሚኖሩ አንባቢያን በማግኔት አንጎልን ስለማነቃቃት ሕክምና ደጋግመው ስለጠየቁኝ የዛሬውን ዓምድ ለእነርሱ ሰጥቼዋለሁ። የደብዳቤዎቹን ፍሬ ነገር ብቻ አስቀምጫለሁ።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ሁለት ዓይነት የድባቴ መድኃኒት ወስዶ አልተሻለውም። አሁን ሐኪሙ የማግኔት ሕክምና እንዲጀምር መክሮታል። እናታችን ግን «ልጄን ኤሌክትሪክ ሊያስይዙት ነው» ብላ እንቅልፍ አጥታለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ እናትዎ የሚፈሩት ሌላ ሕክምና መሆኑን በእርጋታ ያስረዷቸው። በኤሌክትሪክ የሚሰጠው ሕክምና ታካሚው በማደንዘዣ ከተኛ በኋላ ሆን ተብሎ ለአጭር ጊዜ መንቀጥቀጥ እንዲነሣበት የሚደረግበት ነው፤ እርሱም ቢሆን በከባድ ድባቴ የተያዙ ብዙ ሰዎችን የታደገ ስለሆነ ስሙ እንዲህ መጥፋቱ ያሳዝነኛል። ወንድምዎ ግን ማደንዘዣ አይወስድም። ጆሮው ላይ መድፈኛ አድርጎ፣ ነቅቶ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ባለሙያው በፕላስቲክ የተሸፈነ የሽቦ ጥቅል ራሱ ላይ ያስጠጋና የእጁ አውራ ጣት ሳያዝዛት ብድግ የምትልበትን ቦታ ይፈልጋል። ለእርሱ የሚበቃው ኃይል የሚለካው በዚያች የጣት እንቅስቃሴ ነው። ከዚያ ጥቅሉ ወደ ፊት፣ ብዙውን ጊዜ ወደ ግራ ግንባር በኩል ይዛወርና ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ያለ ፈጣን ድምፅ ይሰማል። የማግኔቱ ኃይል በኤምአርአይ ማሽን ካለው ጋር የሚቀራረብ ሲሆን፣ የራስ ቅልን አልፎ ስሜትን በሚመለከተው የአንጎል ክፍል ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጥራል። ራስ ምታት፣ የራስ ቆዳ ሕመምና የፊት ጡንቻ መሳብ ያጋጥማሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቀንሳሉ። ማስታወስን ይጎዳል ተብሎ አይታወቅም፤ ሲያበቃም ራሱ መኪናውን ነድቶ ወደ ቤቱ መሄድ ይችላል።

ጥያቄ፦ በወጣትነቴ ወታደር ነበርሁ፤ ከጆሮዬ በስተኋላ የቦምብ ፍንጣሪ ቀርቷል። ሐኪሙ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርሁም። ሕክምናው በሚቀጥለው ሳምንት ይጀመራል።

መልስ፦ አባቴ፣ ይህን ዛሬውኑ ደውለው ይናገሩ። ራስ ውስጥ ወይም አጠገቡ ያለ ብረት በማግኔቱ ሊንቀሳቀስ ወይም ሊግል ስለሚችል፣ ፍንጣሪው በራጅ ታይቶ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ወንበሩ ላይ መቀመጥ የለብዎትም። በአንጎል የደም ሥር ላይ የተደረገ የብረት መቆንጠጫ፣ በቀዶ ሕክምና ጆሮ ውስጥ የተተከለ የመስሚያ መሣሪያና የልብ ምት መቆጣጠሪያ ያላቸውም እንዲሁ አስቀድመው ይናገሩ። የጥርስ ሙሌት ችግር የለውም።

ጥያቄ፦ ሌሊት ታክሲ እነዳለሁ፤ ለመንቃት ጫት እቅማለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እጠጣለሁ። ይህን ለሐኪሙ መንገር አለብኝ? ጾም ላይስ ብሆን?

መልስ፦ ጾሙ ችግር የለውም፤ ማደንዘዣ ስለሌለ መብላትም አለመብላትም በእርስዎ ፈቃድ ነው። የቀረውን ግን ሁሉንም ይንገሩ። የሕክምናው ትልቁ አደጋ ድንገት የሚነሣ መንቀጥቀጥ ነው፤ ከ1000 ታካሚዎች አንድ እንኳ በማይሞላው ላይ ብቻ የሚደርስ ቢሆንም እንቅልፍ ማጣት፣ ብዙ ጠጥቶ በድንገት ማቆም፣ እንዲሁም እንደ ቡፕሮፒዮን እና ክሎዛፒን ያሉ መድኃኒቶች አደጋውን ከፍ ያደርጉታል። ነውር ነው ብሎ መደበቅ እዚህ ላይ ገመናን መሸፈን ሳይሆን ራስን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። የሚጥል በሽታ በቤተሰብዎ ካለም ይናገሩ፤ መድኃኒትዎን ግን ሐኪሙ ሳያዝዝ በራስዎ አያቁሙ።

ጥያቄ፦ ስድስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ከሥራ ቀርቼ የምመላለስበት ዋጋ አለው? እውነቱን ንገሩኝ።

መልስ፦ እውነቱ ሁለት ገጽ አለው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ሕክምናውን ለድባቴ የፈቀደው በ2008 ነው። በ2010 በወጣ፣ 190 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት እውነተኛውን ሕክምና ካገኙት መካከል ከድባቴው ሙሉ በሙሉ የወጡት 14 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ ማሽኑ የማስመሰያ ከሆነባቸው መካከል ግን 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። በየክሊኒኩ በተደረገ ክትትል ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጉልህ መሻሻል አሳይተዋል፤ ሲሶ ያህሉም ድነዋል። የኋለኛው ቁጥር የበለጠው ማወዳደሪያ ቡድን ስላልነበረውና ብዙዎቹ ታካሚዎች መድኃኒታቸውንም ይወስዱ ስለነበር ጭምር ስለሆነ፣ ክሊኒኩ እርሱን ብቻ ቢነግርዎ ሌላውንም ይጠይቁ። እኔ ግን ሁለትና ከዚያ በላይ መድኃኒት ሞክሮ ላልተሻለው ሰው ሊሞከር የሚገባው ተስፋ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ጊዜው ደግሞ፣ በ2018 በካናዳ በ414 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት በየቀጠሮው ሦስት ደቂቃ ብቻ የሚወስደው አጭር አሠራር 37 ደቂቃ ተኩል ከሚወስደው ከተለመደው እንደማያንስ አሳይቷል። ክሊኒክዎ ይህን የሚሰጥ ከሆነ ከሥራ የሚቀሩበት ሰዓት በእጅጉ ይቀንሳል። ኢንሹራንስዎ ቅድመ ፈቃድ ስለሚጠይቅ እስካሁን የወሰዷቸውን መድኃኒቶች፣ መጠናቸውንና የጀመሩበትንና ያቆሙበትን ጊዜ በወረቀት ጽፈው ይያዙ፤ ብዙ ሰው ውድቅ የሚደረግበት ይህ ዝርዝር ሲጎድል ነው።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ የ14 ዓመት ልጄ ያስተረጉምልኛል። ችግር ይኖረዋል?

መልስ፦ አዎ፣ እህቴ። በሕክምናው ወራት መሻሻልዎን ለመከታተል የሚሰጠው የተለመደ መጠይቅ ዘጠኝ ጥያቄዎች ሲኖሩት፣ ዘጠነኛው «ብሞት ይሻለኛል ብለው አስበዋል?» የሚል ነው። አንዲት እናት ይህን በልጇ አፍ ተጠይቃ «አዎ» ልትል አትችልም፤ ልጁም ሊሸከመው አይገባም። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ ስላለባቸው ቀጠሮ ሲያስይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ይበሉ፤ በስልክም ሊሆን ይችላል። የዘጠነኛው ጥያቄ መልስዎ ዛሬ «አዎ» ከሆነ ግን ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ራስን ስለ ማጥፋት ለሚያስቡ ሰዎች እርዳታ ወደሚሰጠው የአሜሪካ የስልክ መስመር፣ 988 ላይ ይደውሉና ቋንቋዎ አማርኛ መሆኑን ይንገሯቸው፤ እዚያም አስተርጓሚ ያቀርባሉ።