ኪራዩ ረከሰ፤ ኑሮውስ?

ጥያቄ፦ ገርጂ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም በ18,000 ብር ተከራይተን እንኖራለን። የ6 እና የ2 ዓመት ልጆች አሉን። እኔ ሥራዬ እዚሁ ስለሆነ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ባለቤቴን ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ከገርጂ አንስቶ ሜክሲኮ ያደርሰዋል። አሁን ቆዬ ፈጬ ባለ ሁለት መኝታ ቤት በ11,000 ብር አግኝተናል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰርቪሱ እዚያ አይደርስም፤ ሁለታችንም በሁለት ሁለት ታክሲ ልንመላለስ ነው። በወር 7,000 ብር እናተርፋለን ብለን ልንገባ ነው። ከመግባታችን በፊት ምን እንይ?

መልስ፦ 7,000 ብር የኪራዩ ልዩነት ነው እንጂ ትርፋችሁ አይደለም። ወረቀት አውጡና የታክሲውን አስሉ። አንድ ጉዞ በአማካይ 30 ብር ነው እንበል፤ በእሱ ፈንታ የመስመራችሁን ታሪፍ ተኩበት። ሁለታችሁ በቀን 8 ጉዞ ስላለባችሁ 240 ብር ይመጣል፤ በ24 የሥራ ቀን 5,760 ብር። ስለዚህ የሚተርፋችሁ 1,240 ብር ነው። ዝናብ የጣለ ዕለት ራይድ ከተጠራ እሱም አለቀ።

ከብሩ የሚብሰው ግን ልጅ የመቀበሉ ጉዳይ ነው። ትምህርት ቤት 9፡30 ገደማ ይለቃል። 11፡30 ከሥራ ወጥቶ ሁለት ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ቤቱ የሚገባው ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ነው። መሐል ያለውን ሦስት ሰዓት ተኩል ማን ይይዛል? አሁን እርስዎ ቅርብ ስለሆኑ ጥያቄው አልተነሳም። ሞግዚት ካለችም ሰዓቷ ሲረዝም ደመወዟ ይጨምራል፤ ተመላላሽ ከሆነች ደግሞ ሲመሽባት ሥራውን ትታ ትሄዳለች።

ስለዚህ ሠፈር ሲመረጥ መነሻው ልጅ የሚቀበለው ወላጅ መሥሪያ ቤት ቢሆን ይሻላል። አንዳችሁ ሩቅ መሆናችሁ ካልቀረ፣ ሌላው በአንድ ታክሲ የሚገባ ይሁን። ለእናንተ የሚቀርበው የጃክሮስ፣ የጎሮና የሰሚት አቅጣጫ ነው። ለምሳሌ ጎሮ በ13,500 ብር ብታገኙ ሁለታችሁም በአንድ ታክሲ ገርጂ ትደርሳላችሁ፤ ባለቤትዎም ሰርቪሱን አያጡም። በቀን 4 ጉዞ 120 ብር፣ በወር 2,880 ብር ይሆናል። ከኪራዩ ልዩነት ከ4,500 ብር ሲቀነስ 1,620 ብር ይተርፋል። ኪራዩ በ2,500 ብር የሚበልጠው ቤት በስተመጨረሻ ረከሰ ማለት ነው፤ ልጆቹም ሳይመሽ እናታቸውን ያገኛሉ። ኮንዶሚኒየም ካልተገኘ ከግቢ ጀርባ ያለ ሰርቪስ ቤትም እዩ። ጠባብ ነው፣ አከራዩም እዚያው ነው፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ደረጃ የለበትም፣ ለሁለት ዓመት ልጅም መሮጫ ግቢ አለው።

ቆዬም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ቤቱን ቅዳሜ ከሰዓት ከደላላ ጋር አይታችሁ ብቻ አትወስኑ። የሥራ ቀን መርጣችሁ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ታክሲ ሰልፉ ላይ ቁሙና ሥራ ቦታችሁ እስክትደርሱ ሰዓት ያዙ። ማታም እንዲሁ። የአውቶቡስ መነሻው ለቤቱ ቅርብ ከሆነ አንበሳና ሸገር ወጪውን በደንብ ይቀንሱታል፤ መሐል ፌርማታ ላይ ለሚጠብቅ ሰው ግን ሞልተው ያልፋሉ።

ቀጥሎ ውኃ። ደላላው «ውኃ ችግር የለም» ማለቱ አይቀርም። የሚጠየቀው እዚያው ፎቅ ላይ የምትኖር እናት ናት፦ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? በስንት ሰዓት? አራተኛ ፎቅ ይደርሳል ወይስ ከታች ይቀዳል? የመጨረሻው ጥያቄ ትልቁ ነው። ግፊቱ ደካማ ሲሆን ውኃው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይቆምና የላይኞቹ ጄሪካን ተሸክመው ይወጣሉ። አራት ሰው በቁጠባ ለአንድ ሰው 35 ሊትር ቢጠቀም በቀን 140 ሊትር ነው። ፈረቃው በአራት ቀን አንዴ ከሆነ 560 ሊትር መያዝ አለባችሁ፤ በባለ 20 ሊትር ጄሪካን 28 ማለት ነው። 500 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ ግማሽ ቶን እንደሚመዝን አትርሱ፤ በረንዳ ላይ አይቀመጥም። አንድ ትልቅ ከመግዛት ሦስት ባለ 200 ሊትር በርሜል ገዝታችሁ ግድግዳ ጥግ ለየብቻ ማስቀመጥ ለወለሉም ይሻላል፣ አንዱ ቢበላሽም ሌላው ይቀራል። ክዳናቸው ጥብቅ ይሁን፤ በሁለት ዓመት ዕድሜ ያለ ሕፃን ባልዲ ውስጥ ባለ ውኃ እንኳ ሊሰጥም ይችላል።

መብራት ላይ ሁለት ነገር እዩ። መጀመሪያ ቆጣሪው የቤቱ ብቻ ነው ወይስ የጋራ? ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በእርከን ስለሚወደድ፣ ሁለት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁለቱም ውድ እርከን ውስጥ ይገባሉ። ሁለተኛው ምጣዱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ነው። ከተራ ሶኬት ከተሰካ ሶኬቱ ሊቀልጥ ይችላል፤ በቀጭን ሽቦ ላይ ትልቅ ብሬከር የተገጠመ ከሆነ ደግሞ ብሬከሩ ሳይቆርጥ ሽቦው ይነዳል። ለምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የሚመጣ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና ባለ 20 አምፔር ብሬከር ይኑረው፤ ከሌለ ከመግባታችሁ በፊት አከራዩ ያስገጥም።

ምድር ቤት ያለው ቤት ከተገኘ ለልጆች ደስ ይላል፤ ግን መጸዳጃውን በደንብ እዩት። የጋራው ፍሳሽ ሲደፈን ከላይ የሚለቀቀው ሁሉ በምድር ቤቱ መጸዳጃ በኩል ነው የሚወጣው። ግድግዳው ላይ ከወለሉ ከፍ ብሎ የእርጥበት መስመር ካለ፣ ወይም ደጅ ያለው ማንሆል ዙሪያው ከረጠበ፣ ቤቱን ተዉት። ላይ ፎቅ ከሆነ ደግሞ የበረንዳውን ብረት ለኩ። በብረቶቹ መካከል ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ክፍተት ካለ የሽቦ መረብ ይታሰርበት።

*

ጥያቄ፦ የካ አባዶ ያየነው ቤት አከራይ የስድስት ወር ቅድሚያ ይፈልጋል፤ ውል ግን «በእምነት ይሁን» ይላል። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያን ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ገድቧል። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ የሚያንሰው ዘመን ሁለት ዓመት ነው፤ በ30 ቀን ውስጥም መመዝገብ አለበት። ክፍያው በባንክ ወይም ሕጋዊ በሆነ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪም አከራዩ በፈለገው ወር የሚያደርገው አይደለም፤ ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ በሚያወጣው ልክ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ሕጉን ጠቅሶ የተከራከረ ተከራይ ቤቱን የሚያጣበት ጊዜ አለ፤ ተራ የሚጠብቅ ሌላ ሰው አይጠፋም። ቢሆንም ስድስት ወር ያለ ውል መክፈልን አንመክርም። የሚያሰጋው የኪራዩ መጠን ብቻ አይደለም፤ ወረቀት የማይፈልግ ሰው ቤቱ የእሱ ላይሆን ይችላል። አከራዩ ራሱ ተከራይ ሆኖ መልሶ ሲያከራይ ይገኛል፤ የቀበሌ ቤት በእጅ አዙር የሚያከራይም አለ። ገንዘብ ከእጃችሁ ከመውጣቱ በፊት የቤቱን ካርታ ወይም የኮንዶሚኒየሙን ውል እዩ፤ ስሙ ከአከራዩ መታወቂያ ጋር መግጠም አለበት። ባለቤቱ ውጭ አገር ከሆነ ውክልናው «ማከራየት» የሚል ቃል እንዳለበት አንብቡ፤ ለሌላ ጉዳይ የተሰጠ ውክልና አይበቃም።

ውሉ ላይ የኪራዩን ልክ ሙሉውን አስጽፉ። አከራዩ ግብር ለመቀነስ «ግማሹን እንጻፍ» ካለ፣ ነገር ሲነሳ የከፈላችሁትን ግማሽ ማስረዳት አትችሉም። ቤቱ ፊኒሽንግ ያልተሠራለት ከሆነና እናንተ ሴራሚክ ወይም በር ካስገጠማችሁ፣ ወጪው ከየትኛው ወር ኪራይ እንደሚታሰብ እዚያው ይስፈር። የቆጣሪዎቹን ንባብ ቁልፍ በተቀበላችሁበት ዕለት ፎቶ አንሱ፤ የውኃም የመብራትም የመጨረሻ ደረሰኝ ጠይቁ። ውዝፍ የሚከተለው ቆጣሪውን ስለሆነ የሚቆረጠው በእናንተ ላይ ነው። የጥበቃና የጽዳት መዋጮም ወርኃዊ ስለሆነ ማን እንደሚከፍል ይታወቅ።

*

ጥያቄ፦ በኅዳር ሠፈር ልንቀይር ነው። ልጃችን ሁለተኛ ክፍል ነች፤ በግል ትምህርት ቤት ትማራለች። እዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤት ብናስገባትስ? መታወቂያውስ ምን ይሆናል?

መልስ፦ ከቻላችሁ ኅዳርን እለፉት። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት እስኪያልቅ፣ ጥር መጨረሻ አካባቢ ድረስ ብትታገሡ ልጅቷ ውጤቷን ይዛ ትሄዳለች። በኅዳር የሄደች ልጅ የተከታታይ ምዘና ውጤቷ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ የተከፈለውን የተርም ክፍያም መልሶ ማግኘት ከባድ ነው። የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ምገባ፣ ደንብ ልብስና ደብተር ስለሚያቀርቡ የወር ወጪያችሁ በደንብ ይቀንሳል። በአዳዲስ ኮንዶሚኒየም ሠፈሮች ያሉት ግን ስለሚጨናነቁ፣ ቤቱን ከመያዛችሁ በፊት ርዕሰ መምህሩን በአካል ጠይቁ። ሪፖርት ካርድ፣ መልቀቂያና የልደት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል።

ለመታወቂያ ከድሮው ወረዳ መሸኛ አውጡ፤ ከተመዘገበው የኪራይ ውል ጋር ለአዲሱ ወረዳ ታቀርቡታላችሁ። ውል የሌለው ተከራይ እዚህም ላይ ይቆማል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ የሚያክማችሁ ጤና ጣቢያ ከወረዳው ጋር ስለሚቀየር እሱንም አስተላልፉ። ሕፃን ካላችሁ የክትባት ካርዱን ከዕቃው ጋር አትጫኑ፤ በእጅ ቦርሳ ይሁን። የ9 ወሩና የ15 ወሩ የኩፍኝ ክትባት በእንዲህ ያለው ግርግር ይረሳል። አዲሱ ጤና ጣቢያ ካርዱን አይቶ በነፃ ይቀጥላል።

ቤቱ የከተማው ጫፍ ላይ ከሆነ በአዲስ አበባ ሥር ነው ወይስ በኦሮሚያ ክልል ባለው በሸገር ከተማ፣ ወረዳው ድረስ ሄዳችሁ አረጋግጡ። መታወቂያውም ሆነ ከላይ ያልነው ምገባ በዚያ ይወሰናል፤ የትምህርት ቋንቋውም ሊለያይ ይችላል።

*

ጥያቄ፦ ዕቃ ስናወርድ ጫኝና አውራጆች ከመኪናው ኪራይ በላይ ጠየቁን። እንዴት ይከላከሉታል?

መልስ፦ መኪናው በር ላይ ከቆመ በኋላ መደራደር የለም፤ ሾፌሩም በሰዓቱ ነው የሚያስበው። ከአንድ ቀን በፊት አዲሱ ሠፈር ሄዳችሁ የጫኝና አውራጆቹን ማኅበር ኃላፊ አግኙ፤ ፎቁንና የከባድ ዕቃዎቹን ዝርዝር ተናግራችሁ በጠቅላላ ዋጋ ተስማሙ፤ ምስክር ይኑር፣ ስልኩንም ያዙ። «በዕቃ» የሚባል ድርድር ውስጥ አትግቡ፤ ባልዲም ዕቃ ሆኖ ይቆጠራል። ለባለ አንድ መኝታ ቤት ብዙውን ጊዜ አንድ አይሱዙ ይበቃል። ቁምሳጥኑንና አልጋውን ቀድማችሁ ፍቱ፤ ብሎኖቹን በላስቲክ አድርጋችሁ እዚያው እንጨቱ ላይ በፕላስተር ለጥፉ። የኤል ቅርጽ ሶፋ ካላችሁ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ያለውን ስፋት በሜትር ለክታችሁ ኑ፤ ሦስተኛ ፎቅ ደርሶ አልታጠፍ ያለ ሶፋ የሚወርደው በሌላ ሒሳብ ነው። ፍሪጁ ቆሞ ይጫን፤ ተኝቶ ከመጣ እስከ ማግሥቱ ሳትሰኩት አቁሙት።