የአባትየው ምርጫ የሌለበት ደብዳቤ

ጥያቄ፦ የጎንደር ልጅ ነኝ፤ ባለቤቴ የነቀምት ልጅ ነው። ለሥራ እዚህ መጥቶ ተዋወቅን፣ ተጋባን፣ ኑሯችንም እዚሁ ሆነ። ሃይማኖታችን አንድ ነው። በቅርቡ ወንድ ልጅ ተገላገልኩ። ስም ላይ ግን መስማማት አቃተን። እናቴ “ምትኩ ይባል” አለች፤ ታናሽ ወንድሜ ካረፈ ዓመት አልሞላውም። እኔ ዮሐንስን ወይም ፋሲልን እወዳለሁ። እሱ በኦሮምኛ ካልሆነ አለ። ጎንደር ላይ እንዲህ ያለ ስም ማን ሰምቶ ያውቃል? ጊዜውም ጥሩ አይደለም። የእሱ ስም እንኳ ኬላ ላይ ስንቴ አስጠይቆታል። ልጄ በስሙ እንዲጠቃ አልፈልግም። ይህን ስነግረው አኮረፈ፤ እስካሁን በቅጡ አያናግረኝም። ክርስትናው ደርሷል። ታላቅ ወንድሜ “ሰኞ ሄደን እናስመዝግበው፣ በኋላ ይለምደዋል” ይለኛል። ምን ይሻለኛል?
መ. ነኝ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እህቴ መ.፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እናትሽ የመረጡት ስም አለበት። አንቺ የወደድሻቸው ሁለቱም አሉበት። ባለቤትሽ የፈለገው ስም ግን የለበትም። “በኦሮምኛ ካልሆነ አለ” ብለሽ አልፈሽዋል። ማን እንዲባል ነበር የፈለገው? የአባቱን ስም ነው? ወይስ ገና ሳይወልድ ሲያስበው የኖረውን? ምናልባት ጠይቀሽው ረስተሽው ይሆናል። ምናልባትም አልጠየቅሽውም።

ፍርሃትሽን አላቃልለውም። ሰው በስሙና በቋንቋው የሚጠረጠርበት ጊዜ ላይ ነን። ልጇን የታቀፈች እናት ይህን ብታስብ አይፈረድባትም። ግን አንድ ነገር አብረን እንይ። ልጅሽ ዮሐንስ ተባለም ፋሲል፣ ከስሙ ቀጥሎ የሚጻፈው የአባቱ ስም ነው። ከዚያ የአያቱ። ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ሐኪም ቤት ካርድ ሲያወጣ፣ ኬላ ላይ መታወቂያ ሲያሳይ የባለቤትሽ ስም አብሮት አለ። የልጁን ስም ስለመረጥሽለት የፈራሽው ነገር አይቀርለትም።

ባለቤትሽ ይህን ሳያስበው የቀረ አይመስለኝም። “እንዲህ ያለ ስም ልጄን ያስጠቃዋል” ስትይው የራሱን ስም ነው የሰማው። ጎንደር ከመጣ ጀምሮ በዚያ ስም ነው የኖረው። በመሥሪያ ቤቱ፣ በዕድሩ፣ እናትሽ ቤት ማዕድ ሲቀርብ የሚጠራው በእሱ ነው። ኬላ ላይ ያስጠየቀውም እሱ ነው። ውጭ ምንም ቢገጥመው፣ ቤቱ ሲገባ ስሙን በፍቅር የምትጠራው ሚስት ነበረችው። አሁን እሷም ያንን ስም ለልጇ የማትመኘው ነገር አድርጋ ነገረችው። እንዲህ ለማለት እንዳልፈለግሽ አምናለሁ። እሱ ጋ የደረሰው ግን ይህ ይመስለኛል። በእኔ ግምት ጠባችሁ የተጀመረው እዚህ ጋ ነው፤ የሕፃኑ ስም ሰበብ ሆነው።

ዝምታውንም ኩርፊያ ለማለት ይከብደኛል። እስቲ በእሱ ቦታ ሁኚ። ልጃቸውን የቀበሩ እናት “ምትኩ ይባል” ሲሉ አማች ምን ብሎ ይከራከራል? አፉን ቢከፍት ጨካኝ ይባላል። ደግሞም ብቻውን ነው። አራስ ጥየቃ የሚመጣው፣ ገንፎ የሚያገነፋው ሁሉ ያንቺ ወገን ነው። የእሱ እናት ስለ ልጅ ልጃቸው ስም ምን አሉ? ደብዳቤሽ ውስጥ እሳቸውም የሉም።

“ጎንደር ላይ ማን ሰምቶ ያውቃል” ላልሽው ደግሞ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ዳግማዊ ኢያሱ ያገቡት ውቢት የኦሮሞ ተወላጅ ነበሩ። ልጃቸው ኢዮአስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እዚያው ጎንደር ሲነግሡ ግቢው ውስጥ ኦሮምኛ ይነገር ነበር። በዚህ የተነሣ ፀብም አልጠፋም። ለከተማው ግን እንግዳ ነገር አይደለም።

ጊዜው አያስጨንቅሽ። በ40 ቀኑ ካህኑ የሚያወጡለት የክርስትና ስም ነው። መጠሪያው እስከዚያ ባይቆረጥ ክርስትናው አይቀርም። ለልደት ምዝገባም ሕጉ 90 ቀን ይሰጣል። ደግሞ ሰው በአንድ ስም ብቻ አይጠራም። ምንትዋብ ራሳቸው በክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ በንግሥና ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነበሩ። እናትሽ ቤት ውስጥ “ምትኩ” ብለው ቢጠሩት ደስ ይበላችሁ፤ አያት ለልጅ ልጇ የራሷን ስም ማውጣቷ የነበረ ነው። ሐዘናቸው መታወቂያው ላይ እንዲጻፍ ግን አልመክርም። የሞተ ሰው ቦታ እንዲሞላ የሚጠበቅ ልጅ ሲያድግ ሊከብደው ይችላል።

ሕፃኑ ሲተኛ “የመረጥከው ስም ማን ነበር? ለምን ወደድከው?” ብለሽ ባለቤትሽን ጠይቂው። እስኪጨርስ አታቋርጪው። ስሙን ላትወጂው ትችያለሽ። ግን እኔን ከጠየቅሽኝ፣ መጠሪያ ስሙን ለአባቱ ብትለቂለት ይሻላል ባይ ነኝ። የመጀመሪያው ቀን ላይመልስልሽ ይችላል፤ ታገሺው። ንግግሩ ካልተከፈተ አብራችሁ የጋብቻ አማካሪ ዘንድ ሂዱ። የንስሐ አባት ማነጋገርም ጥሩ ነው፤ የቤተሰብሽ ብቻ ከሆኑ ግን እሱ እንደገና ባንቺ ወገን መሀል ነው የሚቀመጠው። አንቺም አራስ ነሽ፣ ሐዘን ላይም ነሽ። እንቅልፍ እምቢ ካለሽ ወይም ለቅሶው ካልቆመልሽ ጤና ባለሙያ ከማየት አትዘግዪ።

የሰኞውን ነገር ግን ተዪው። አባቱ ሳያውቅ ልጁን አስመዝግበሽ ብትመለሺ ያንን ማስረሳት ከስም መምረጥ ይብሳል። ለወንድምሽ ዛሬውኑ ንገሪው።