የዓይን ጠብታን ሳንባ ድረስ ምን ይወስደዋል?

ሰላም እህቴ። «እናቴ የቆየ አስም አለባት። ለግላኮማ ቲሞሎል የሚባል የዓይን ጠብታ ከታዘዘላት ወዲህ ሌሊት ሌሊት ትንፋሽ ያጥራታል፤ ፓፉም እንደ ድሮው አልረዳት አለ። የዓይን ጠብታ ሳንባ ይነካል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከእኔ በፊት የመለሱት ወንድማችን «ዓይን ውስጥ የገባ እዚያው ይቀራል፣ አትጨነቂ» ብለዋል። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አይቀርም። ፋርማሲስት ነኝ፣ ይህንን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ የገባኝ ግን በገዛ አባቴ ላይ ሲደርስ ነው።

አስቸኳዩን ላስቀድም። ቀጠሮ ሳትጠብቂ፣ የጠብታውን ጠርሙስ ይዘሽ፣ እናታችንን ዛሬ ነገ ሳትዪ ወደ ዓይን ሐኪማቸው ውሰጃቸውና «አስም አለባቸው» በዪ። ቲሞሎል አስም ላለበት ሰው አይሰጥም። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያርፉ መጨረስ ካቃታቸው ግን የዓይን ሐኪም መፈለጊያ ጊዜ አይደለም፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። «ጠብታውን ጥለው ቤታቸው ይቀመጡ» ያለችው እህትም ግማሹን ነው ያየችው። ግላኮማ ብዙ ጊዜ ሳያም ሳያስታውቅ ዓይን የሚወስድ በሽታ ነው፤ የወሰደውንም አይመልስም። መድኃኒቱ ይቀየር እንጂ ሕክምናው አይቋረጥ።

አባቴ ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ አስም አለባቸው። ፓፍ ከኪሳቸው ባይለይም በወር አንዴ ሁለቴ ቢጠቀሙ ነው። ግላኮማው ሲገኝ ይኸው ጠብታ ጠዋትና ማታ ታዘዘላቸው። ስለ አስም የጠየቃቸው አልነበረም፤ እሳቸውም ለዓይን ሐኪም ስለ ሳንባ ማውራት ነገር ማብዛት መስሏቸው ዝም አሉ። በሁለተኛው ሳምንት ሌሊት ሌሊት ደረታቸው ያፏጭ ጀመር። የደሴ ብርድ ነው አልን። እናቴ ዕጣን ማጨስ ተወች፣ ከሰሉ ከቤት ወጣ፣ አዲሱ ብርድ ልብስ ሳይቀር ተከሰሰ። እኔ ፋርማሲስቱ ልጃቸው ደግሞ ፓፉ የተበላሸ መስሎኝ ሌላ ገዛሁ። እሱም ያው ሆነ።

አንድ ማታ ጠብታውን እኔው አደረግሁላቸው። ቀና ሲሉ ፊታቸውን አጨማደዱና «ይሄ ነገር ሁልጊዜ ጉሮሮዬን ይመረኛል» አሉኝ። ዓይን ላይ የተንጠባጠበ ነገር ጉሮሮን የመረረው በየት አልፎ ነው? እጃቸውን ያዝኩና የልብ ምታቸውን ቆጠርኩ። በደቂቃ 52። የዚያን ዕለት በራሴ አፈርኩ።

መንገዱ ይኸውልሽ። ዓይንና አፍንጫ በቀጭን ቱቦ ይገናኛሉ፤ ስናለቅስ አፍንጫችን የሚፈሰው ለዚህ ነው። አንድ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ ዓይን ያንን ሁሉ መያዝ አይችልም። ትርፉ ወይ በጉንጭ ይወርዳል ወይ በቱቦው ወደ አፍንጫ ያልፋል። የአፍንጫ የውስጥ ሽፋን ደም ሥር የበዛበት ስለሆነ መድኃኒቱን ይመጠዋል፤ እንደተዋጠ ክኒን መጀመሪያ በጉበት አልፎ አይዳከምም። ደም ውስጥ ከገባ ልብም ሳንባም ጋ ይደርሳል።

«ይድረስ፣ የዓይን መድኃኒት ሳንባ ውስጥ ምን ሥራ አለው?» ካልሽ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቲሞሎል ዓይንን ከሳንባ ለይቶ አያውቅም። የሚያውቀው ሕዋሶች መልእክት የሚሰሙበትን ጆሮ ነው።

ሕዋሶቻችን የሚነጋገሩት በአብዛኛው በኬሚካል ነው። ስንደነግጥ ከኩላሊት በላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን ደም ውስጥ ይለቃሉ። የድሮውን የክተት አዋጅ አስቢ። ነጋሪቱ አንድ፣ ቃሉም አንድ፤ ግን አንዱ ቤት ጦር ይሳላል፣ ሌላው ቤት ስንቅ ይቆላል፣ ሌላው በቅሎ ይጭናል። አድሬናሊንም እንደዚያው ነው። ልብ ፈጥኖ ይመታል፣ ጉበት ያከማቸውን ስኳር ያወጣል፣ አንጀት ሥራውን ያቀዘቅዛል፣ የአየር ቧንቧን የከበበው ጡንቻ ደግሞ ይላላና ትንፋሽ ይሰፋል። ማን ምን እንደሚያደርግ አድሬናሊኑ ላይ አልተጻፈም፤ እንደ ሰሚው ነው። ጆሮ የሌለው ሕዋስ አዋጁ በደጁ ቢያልፍም አይሰማም።

ጆሮው ሪሴፕተር ወይም ተቀባይ የምንለው ነው፦ የሕዋሱን ሽፋን እንደ ስፌት ክር 7 ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚያቋርጥ ፕሮቲን። አድሬናሊን ሕዋሱ ውስጥ አይገባም። ከውጭ ሆኖ ተቀባዩ ላይ ሲቀመጥ ተቀባዩ ቅርጹን ይለውጣል፤ ከውስጥ ያለው ጂ ፕሮቲን ይቀሰቀሳል፤ እሱም ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለ ሁለተኛ መልእክተኛ እንዲመረት ያደርጋል። ይህንን ሁለተኛ መልእክተኛ ያገኘው ኧርል ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1971 ኖቤል ተሸልሞበታል። እ.ኤ.አ. በ1948 ሬይመንድ አልኲስት የተባለ አሜሪካዊ የአድሬናሊን ተቀባዮች አልፋና ቤታ ሁለት ዓይነት ናቸው ብሎ ሲጽፍ ግን አንድ መጽሔት አልቀበልም ብሎት ወደ ሌላ ነው የወሰደው። በኋላ ቤታውም ለሁለት ተከፈለ፤ ቤታ 1 ልብ ላይ፣ ቤታ 2 የአየር ቧንቧ ላይ ይበዛል። እነዚህን ለፈተና ሸምድጄ፣ ተፈትኜ፣ ረስቼ ነበር።

ፓፉ ውስጥ ያለው ሳልቡታሞል ቤታ 2 ላይ ተቀምጦ እንደ አድሬናሊን የሚናገር ነው። ቲሞሎል ደግሞ ቤታ 1ም ቤታ 2ም ላይ ተቀምጦ ዝም የሚል፣ ጆሮ ላይ እንደተወተፈ ጥጥ ማለት ነው። ዓይን ውስጥ ቤታ ተቀባዮች ፈሳሽ እንዲመረት ስለሚያደርጉ፣ እነሱ ሲደፈኑ ፈሳሹ ይቀንስና ግላኮማን የሚያባብሰው የዓይን ውስጥ ግፊት ይወርዳል፤ የሚታዘዘውም ለዚህ ነው። ልብ ላይ ሲደፈኑ ምቱ ይዘገያል። የአባቴ 52 ከዚያ የመጣ ነው። ሳንባ ላይ ሲደፈኑ ቧንቧው «ላላ» የሚለውን ትእዛዝ አይሰማም። ጤነኛ ሳንባ ብዙም ላያስታውቀው ይችላል፤ አስም ያለበት ሳንባ ግን ያቺን ትእዛዝ አጥብቆ ይፈልጋታል። እናታችን ፓፍ ቢነፉም ያልረዳቸው ሳልቡታሞሉ ሲደርስ መቀመጫው ተይዞ ስለሚቆየው ይመስለኛል።

የአባቴ ጠብታ በማግስቱ ላታኖፕሮስት ወደሚባል ተቀየረ። እሱ የሚነካው ሌላ ተቀባይ ነው፣ ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ሌላ መልእክተኛ ኬሚካል የሚሰማውን። ፈሳሽ እንዳይመረት አይከለክልም፤ የተመረተው በደንብ እንዲወጣ ነው የሚያደርገው። ደረታቸው በቀናት ውስጥ ረገበ። ዋጋው ቆንጠጥ ያደርጋል፤ ሽፋሽፍትም ያስረዝማል፣ እናቴ እስካሁን ትስቅባቸዋለች።

ማንኛውንም ጠብታ ስታደርጊላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጫኑት። ቱቦው ይዘጋና ወደ አፍንጫ የሚያልፈው ይቀንሳል። ቲሞሎልን ግን ለአስም ሰው የሚያስፈቅድ ዘዴ አይደለም፣ በዚህ እንዳትታለዪ።

ቲሞሎል ብዙ ቤት የሚገኝ ዘመድ አለው፤ ፕሮፕራኖሎል፣ እሱም ያንኑ ጆሮ የሚደፍን ክኒን። ያገኘው ጀምስ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ተሸላሚ ነው፣ ጥሩ መድኃኒት ነው። እኛ ጋ ግን «ልቤ ይመታል» ላለ ሁሉ ጎረቤት ከራሱ ቆርሶ ይሰጣል። ባለፈው አንዲት እናት መስኮቴ ላይ መጥተው ባዶውን የክኒን ልጣጭ አሳዩኝና «ለጎረቤቴ የሠራላት ይሄ ነው፣ ስጠኝ» አሉ። «አስም አለብዎት እንዴ?» ስላቸው ከነጠላቸው ሥር ፓፍ አወጡ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቲሞሎል ብቻውን ነው ወይስ ዶርዞላሚድ የሚል የሌላ የግላኮማ መድኃኒት ስምም አብሮ አለ? ሁለቱ ተቀላቅለው በአንድ ጠርሙስ የሚመጡበት አለ፤ ሐኪሙ ሲቀይር «ሌላ ጠብታ» ተብሎ ያው ቲሞሎል እንዳይመለስባችሁ አዲሱን ጠርሙስ ገልብጠሽ አንብቢው። ካልገባሽ ስሙን እዚህ ጻፊልኝ፣ ማታ አየዋለሁ።