አዲሱ ካርድ ተገጥሞ ስልኩ ዝም ሲል

የዛሬዋ ጠያቂ ደብረ ብርሃን ላይ የአንድ የግል ክሊኒክ አስተዳደር ኃላፊ ናቸው። ደብዳቤያቸው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ክሊኒካችን ውስጥ ፓናሶኒክ ኬኤክስ-ቲኢኤስ 824 የሚባለው፣ የውጭ መስመሮችን ለውስጥ ስልኮች የሚያከፋፍለው የስልክ ማሽን አለ። በሦስት የውጭ መስመርና በሰባት የውስጥ ስልክ ስንጠቀም ቆየን። ክፍል ስንጨምር ባለ ስምንት ካርድ፣ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ስምንት ሶኬት የሚጨምረውን ሰሌዳ ማለት ነው፣ ገዛን። ለሪሴፕሽን ስክሪን ያለው ትልቅ ስልክና ባለ ብዙ ቁልፍ ኮንሶል፣ ለግቢው በር ደግሞ የበር ስልክ ጨመርን። የግቢያችን ኤሌክትሪሻን ገጠመልን። ካርዱ ላይ ከዋሉት ስድስት ተራ ስልኮች አራቱ ይሠራሉ፣ ሁለቱ ቶን የላቸውም። ትልቁ ስልክ ሲነሳ ቶን አለው፤ ስክሪኑ ግን ባዶ ነው፣ ቁልፎቹም አይታዘዙም። ኮንሶሉ ጭራሽ አይበራም። የበሩን ስልክ ማሽኑ ራሱ ላይ ክፍት በነበረችው ስምንተኛ ሶኬት ሰካነው፣ ዝም ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ይሞታል፤ ታካሚ ደውሎ አያገኘንም። ሻጩ ካርዱ ተበላሽቷል፣ ሌላ ግዙ ይለናል። እንግዛ?»

እህቴ፣ አይግዙ። ቢያንስ ይህን አንብበው እስኪጨርሱ ገንዘብዎን ይያዙ። ከነገሩኝ ነገር ውስጥ ካርዱ ተበላሽቷል የሚያሰኝ ምልክት እስካሁን አላየሁም። እንዲያውም አራት ስልክ በደንብ እየሠራበት ነው። ካርዱ በትክክል ባይቀመጥ ወይም ኃይል ባያገኝ ኖሮ ስምንቱም ዝም ይሉ ነበር።

ከትልቁ ስልክ ልጀምር፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው።

የፓናሶኒክ ስክሪን ያለው ስልክ፣ እነ ኬኤክስ-ቲ 7730 ማለት ነው፣ በአራት ሽቦ ነው የሚሠራው። መሀል ያሉት ሁለቱ ድምፅ ይወስዳሉ። ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ ዳታ ይወስዳሉ፤ ስክሪኑም ቁልፎቹም መብራቶቹም የሚታዘዙት በእነሱ ነው። ተራው ስልክ የመሀሉ ጥንድ ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ ትልቁ ስልክ ቶን ኖሮት ስክሪኑ ባዶ ከሆነ የድምፁ ጥንድ ደርሶታል፣ የዳታው ጥንድ ግን አልደረሰውም። ስልኩ ራሱ ጤነኛ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ዳታው ለምን አልደረሰም? ማሽኑን አጥፍተው፣ ካርዱን አውጥተው ቁጥሩን ያንብቡ። «ኬኤክስ-ቲኢ 82474» የሚል ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ ያ ካርድ ለተራ ስልክ ብቻ የተሠራ ነው። ስምንቱም ሶኬቶቹ ላይ የዳታ ጥንድ የለም። ትልቁን ስልክ የትኛውም ላይ ቢሰኩት ያው ባዶ ስክሪን ነው የሚያዩት። ኮንሶሉም እንደዚሁ። እሱማ የሚኖረው በዳታ ብቻ ስለሆነ ጭራሽ አይበራም። ሁለቱንም ዓይነት ስልክ የሚቀበለው ካርድ 82483 ነው፤ ሦስት የውጭ መስመርና ስምንት ቅይጥ የውስጥ ሶኬት ይጨምራል። 82480 ደግሞ ሁለት የውጭ መስመርና ስምንት የተራ ስልክ ሶኬት ነው። ሦስቱም ሱቅ ውስጥ «ባለ ስምንት ካርድ» ተብለው ነው የሚሸጡት። እዚህ ላይ ሻጮችን እወቅሳለሁ። ለገዢው ስምንት ስልክ ይጨምራል ማለት አይበቃም። ምን ዓይነት ስልክ እንደሚቀበል ሳይነግሩ መሸጥ ትክክል አይደለም።

ደስ የሚለው ነገር መፍትሔው እጅዎ ላይ ነው። ከማሽኑ ጋር አብረው የመጡት ስምንት ሶኬቶች፣ ማለትም ከ01 እስከ 08፣ ሁሉም ቅይጥ ናቸው። ተራውንም ትልቁንም ይቀበላሉ። አሁን እነሱን የያዙት ተራ ስልኮች ናቸው። ቦታ ይቀያየሩ፤ ለዚህ የሚገዛ ነገር የለም።

ትልቁን የሪሴፕሽን ስልክ 01 ላይ እንዲያደርጉት እመክራለሁ። ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ፕሮግራም የሚደረገው 01 ላይ ካለ ትልቅ ስልክ ነው። ፕሮግራም የሚለውን ቁልፍ፣ ቀጥሎ ኮከብና መሰላል (* እና #)፣ ከዚያ የይለፍ ቁጥሩን ይነካሉ። የይለፍ ቁጥሩ ካልተቀየረ 1234 ነው። ሥራው ሲያልቅ ግን ይቀይሩት። ያንን ቁጥር የማያውቅ የስልክ ሠራተኛ የለም። 01 ላይ የነበረው ተራ ስልክ ወደ 08 ይሂድ፤ የበሩ ስልክ ከዚያ መነቀሉ ስለማይቀር ቦታው ይለቀቃል። ለኮንሶሉ ከድሮዎቹ ሶኬቶች አንዱን ያስለቅቁና የዚያን ክፍል ተራ ስልክ ወደ አዲሱ ካርድ ያዙሩት። ኮንሶሉ ስለተሰካ ብቻ አይሠራም። የትኛው ሶኬት ላይ እንዳለና የትኛው ትልቅ ስልክ አጋሩ እንደሆነ በፕሮግራም ይነገረዋል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የውስጥ ቁጥሩ የሚከተለው ሶኬቱን እንጂ ስልኩን አይደለም። የላቦራቶሪውን ስልክ ነቅለው አዲሱ ካርድ ላይ ሲሰኩት ቁጥሩ ይቀየራል። ሠራተኛው ሁሉ የለመደው ቁጥር እንዳይጠፋ በፕሮግራም ይመልሱለት። ይህ ካልተደረገ በማግስቱ ክሊኒኩ ውስጥ የሚፈጠረውን ግርግር ያስቡት።

አሁን ወደ ሁለቱ ዝምተኞች። እዚህ ላይ ኤሌክትሪሻንዎ ግድግዳ መንካት ከመጀመሩ በፊት አንድ ፍተሻ ያድርግ። የሚሠራ ተራ ስልክ በአጭር ገመዱ ይዞ ማሽኑ ዘንድ ይሂድ። ወደ ክፍሉ የሚሄደውን ኬብል ይንቀልና ስልኩን በቀጥታ ሶኬቱ ላይ ይሰካ። ቶን ካለ ካርዱ ነፃ ነው፤ ጥፋቱ ከሶኬቱ እስከ ክፍሉ ባለው ሽቦ ላይ ነው። ቶን ከሌለ ያው ስልክ በሚሠራው ጎረቤት ሶኬት ላይ ይሞከር። ጎረቤቱ ቶን ሰጥቶ የመጀመሪያው ዝም ካለ ያ ሶኬት ሞቷል፤ ያኔ ካርዱን ለሻጩ መልሰው ይጠይቁ። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን ስንት ሰው ይህን ሳያደርግ ግድግዳ ሰርስሯል መሰላችሁ።

እኔ የምጠረጥረው ጫፉ ላይ ያለችውን ፕላስቲክ ነው። አርጄ 11 የምትባለው የስልክ ገመድ መሰኪያ ጫፍ አራት ጥርስ አላት። ተራ ስልክ የሚፈልገው የመሀል ሁለቱን ነው። አንዳንድ ሠራተኛ ሁለት ሽቦ ብቻ ሲኖረው ከዳር ጀምሮ አንደኛና ሁለተኛ ጥርስ ላይ ያስገባቸዋል። ያኔ አንዱ ሽቦ መሀል ላይ ይውላል፣ ሌላው ዳር ይቀራል። ቶን አይኖርም። ጫፏን ወደ ብርሃን አዙረው ይዩዋት፤ ሽቦዎቹ በግልጽ ይታያሉ።

የኔትወርክ ኬብል ተጠቅመው ከሆነ ሌላም አለ። በዚያ ኬብል ውስጥ ሽቦዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ ናቸው፦ ሰማያዊው ከነጭ ሰማያዊው፣ ብርቱካናማው ከነጭ ብርቱካናማው ጋር። ሰማያዊው ጥንድ መሀል ይግባ፤ ብርቱካናማው አንዱ በዚህ ዳር፣ አንዱ በዚያ ዳር ይሁን። በተርታ ከደረደሯቸው የመሀሉ ሁለት ጥርስ ከሁለት የተለያዩ ጥንዶች አንዳንድ ሽቦ ይይዛል። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ስለሆነ ቶን ይኖራል። ነገር ግን የሌላ ክፍል ወሬ በጆሮ መግባት ይጀምራል። ትልቁ ስልክ ላይ ደግሞ ስክሪኑ መጥቶ መጥቶ ይጠፋል። የታካሚ ምስጢር የሚወራበት ቤት ስለሆነ ይህን ቀላል አድርገው አይዩት።

ርቀቱም ወሰን አለው። ሽቦው ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ተራ ስልክ እስከ 1128 ሜትር ይሄዳል። ትልቁ ስልክ ግን ከ229 ሜትር፣ የበር ስልክ ደግሞ ከ113 ሜትር ማለፍ የለበትም። ለክሊኒክ ግቢ በቂ ነው።

ማሽኑን ሲከፍቱ መጀመሪያ ማብሪያውን ያጥፉ፣ ገመዱንም ይንቀሉ። ካርድ በበራ ማሽን ላይ ማስገባትም ማውጣትም ክልክል ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ የነበረው ፕሮግራም በኮምፒውተር ይቀመጥ። የደብረ ብርሃን ብርድ ሲጠና ሁላችንም ሹራብ በሹራብ ነን፤ በዚያ ደረቅ አየር ሹራብ ሲወልቅ ጠ ጠ የሚለው ብልጭታ ለካርድ መርዝ ነው። ኤሌክትሪሻኑ ሹራቡን ያውልቅ፣ ግራውንድ የተደረገ፣ ማለትም ከመሬት ጋር በሽቦ የተገናኘ፣ ብረት ይንካ፣ ካርዱንም በጠርዙ ይያዝ። ብሎኖቹን በደንብ ያጥብቃቸው፤ ካርዱን ከመያዝ በላይ ሥራ አላቸው፣ ግራውንዱ የሚገናኘው በእነሱም በኩል ነው።

ግራውንድ ካነሳን፣ ማሽኑ ላይ የግራውንድ ብሎን አለ። ስንት ቢሮ ገብቼ ባዶውን አግኝቼዋለሁ! እባክዎ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ከእሱ ተነስቶ መሬት ውስጥ ወደተቀበረው ዘንግ መሄዱን ያስፈትሹ። የእኛ አገር ክረምት ቀልድ አያውቅም። በሐምሌና በነሐሴ ከጣርማ በር እስከ ደብረ ብርሃን ያለው ደጋ መብረቅ በመብረቅ ነው። መብረቁ ማሽኑን ራሱን መምታት አያስፈልገውም፤ በስልክ መስመሩ ተጉዞ ይገባል። በሦስቱም የውጭ መስመር ላይ የመብረቅ መከላከያ ይግጠሙ፤ እሱም ያለ ግራውንድ ዋጋ የለውም። ከሕንፃው ወደ ጥበቃ ቤት በአየር ላይ የተወጠረ የስልክ ሽቦ ካለ አውርደው በቱቦ ይቅበሩት። ይህን ሁሌም አጥብቄ እናገራለሁ፤ አንዲት የጥበቃ ስልክ ሙሉ ካርድ ይዛ ስትቃጠል አይቻለሁ።

መብራት ሲጠፋ ሁሉም ይሞታል ላሉት፣ ማሽኑ ራሱ ያሰበበት ነገር አለው። ኃይል ሲቋረጥ አንደኛውን የውጭ መስመር በቀጥታ ከ01 ሶኬት ጋር ያገናኘዋል። ትልቁ ስልክ ግን ያለ ማሽኑ ኃይል አይሠራም፤ በዚያ ሰዓት የሚሠራው ተራ ስልክ ብቻ ነው። ስለዚህ 01 ላይ፣ ከትልቁ ስልክ ጎን፣ የመሀሉን ጥንድ ተጋርቶ አንድ ተራ ስልክ ይኑር። ግድግዳ ሶኬት የሚፈልግ ገመድ አልባ ሳይሆን ተራው ባለ ገመድ ይሁን። ለሕዝብ ያሳወቃችሁት ቁጥርም አንደኛው መስመር ላይ ይሁን። መብራት ጠፍቶ ድንገተኛ ታካሚ ሲደውል ቢያንስ እሱ ይጮኻል። ከዚህ በላይ ለማሽኑ ብቻ የሚሆን አነስተኛ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የሚሰጠውን ሳጥን፣ ይግዙ። ማሽኑ ብዙ ኃይል አይበላም። ፕሪንተር እንዳይሰኩበት ብቻ አደራ።

ኢንተርኔታችሁ በዚያው የስልክ መስመር የሚመጣ ከሆነ ስፕሊተሩ፣ ኢንተርኔቱንና ድምፁን የሚለያየው ትንሽ ሳጥን፣ ከማሽኑ በፊት መሆኑንም ይዩ። ከማሽኑ በኋላ ከሆነ ኢንተርኔቱ አይሠራም።

የበሩ ስልክ ቀረ። እሱ በውስጥ ስልክ ሶኬት ላይ በምንም መንገድ አይሠራም። የራሱ ካርድ አለው፦ 82460 ለሁለት በር፣ 82461 ለአራት በር። ለእናንተ የመጀመሪያው ይበቃል፤ ከካርዶች ገንዘብ የሚያወጡት ለዚህ ብቻ ነው። ካርዱ በሩን የሚከፍት ማገናኛም አለው። ማገናኛው ግን እንደ መብራት ማብሪያ ገጥሞ ይለቃል እንጂ ለቁልፉ ኃይል አይሰጥም። የኤሌክትሪክ ቁልፉ የራሱ ዝቅተኛ ቮልት ትራንስፎርመር ይኑረው፤ መጠኑም ካርዱ ላይ ከተጻፈው እንዳይበልጥ። 220 ቮልት በካርዱ በኩል በፍጹም እንዳያልፍ። ኤሌክትሪሻኑ ይህን ሥራ ከዚህ በፊት ሠርቶ የማያውቅ ከሆነ የድምፁን ክፍል ብቻ ይግጠም። ቁልፉን የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ በሩን ጥበቃው በእጁ ይክፈት።