ዲኤክሱን በፎቶሾፕ ዝቅ ስታደርገው ጎማው ከአስፋልቱ እንዳይለቅ

ወንድሜ፣ ሌላውም ሰው እንዲከታተል ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው። የአባትህ ነጭ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ፖስታ ቤቱ አካባቢ፣ አፍንጫው ወደ ማዘጋጃ ቤት ዞሮ ቆሟል፤ ፎቶው ፊቱንም ጎኑንም ያሳያል። በፎቶሾፕ 50 ሚሊ ሜትር ዝቅ ልታደርገው፣ ባለ 15 ኢንች ቸርኬ ልታገባለት፣ ጥቁር አረንጓዴ ልትቀባው ፈልገህ ሞከርክ፤ ውጤቱ ግን "ከጋዜጣ ተቆርጦ የተለጠፈ" መሰለብህ። ከስር የመለሱልህ ሰዎች ሁሉ ቀለሙን ቀይር አሉህ። ጥፋቱ ቀለሙ ላይ አይደለም። ጎማው አስፋልቱን አልነካም፣ መኪናው አየር ላይ ነው ያለው። ሌየርና ማስክ (የምስሉን ንብርብርና መሸፈኛውን) እንደምታውቅ ከሙከራህ ስለሚታይ ከዚያ ወዲያ ያለውን ብቻ ልጻፍልህ።

1. ፎቶውን ያነሳው ሰው በቴሌግራም "ፋይል" አድርጎ ይላክልህ። እንደ ፎቶ ሲላክ ረጅሙ ጎን አብዛኛውን ጊዜ ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል፤ የኮፈኑ ጠርዝ ላይ ያየኸው መሸራረፍ የመጣው ከዚያ ነው። ያንን ኤ2 ወረቀት ላይ ብታሳትመው፣ የወረቀቱ ረጅም ጎን 59.4 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ለአንድ ኢንች 55 ፒክስል ገደማ ብቻ ይደርሰዋል። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ሥራ ቢያንስ 150 ያስፈልጋል፣ ማለትም በረጅሙ ጎን 3508 ፒክስል። በኋላ ብታሳድገው የጠፋው አይመለስም። ስንቱ ሰው ሙሉ ቀን ለፍቶ ጨርሶ ማተሚያ ቤት ደጃፍ ሲደርስ ነው ይህን የሚያውቀው!

2. እንደገና ማንሳት ከተቻለ እሁድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ግድም ውጡ፤ መንገዱም ጭር ይላል፣ ብርሃኑም ከጎን ይመጣል። የስልክ ዋናው ካሜራ ሰፊ ስለሚያይ ቀርበህ ስታነሳ የመኪናውን አፍንጫ ያሳብጠዋል። ሰባት ስምንት ሜትር ራቅ ብለህ በ2 እጥፍ ዙም አንሳ፤ ካሜራው በፊት መብራቱ ከፍታ ይሁን። ከዚያ ስልኩን ከትሪፖዱ ሳትነቅል መኪናውን አስነሱትና ባዶውን ቦታ አንድ ጊዜ አንሱ። ይህች ፎቶ ለምን እንደምታስፈልግ ወደ ታች ስትወርድ ታገኘዋለህ።

3. በዓይን ግምት አትሥራ። መለኪያህ ጎማው ራሱ ነው። ዲኤክስ በተለምዶ የሚያስረው ጎማ 155/80 በ13 ነው (155 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 80 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶ፣ 13 የቸርኬው ኢንች)፤ የጎኑ ቁመት 124 ሚሊ ሜትር፣ ሁለቴ 248፣ ቸርኬው 330፣ በጠቅላላው 578 ሚሊ ሜትር። (የአባትህ ጎማ ላይ ሌላ ቁጥር ከተጻፈ በዚያው ሒሳብ አስላው።) ፎቶው ላይ የፊት ጎማው ከላይ እስከ ታች 462 ፒክስል ከሆነ አንድ ፒክስል 1.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ 50 ሚሊ ሜትር ማውረድ ማለት ከፊት 40 ፒክስል ነው። የኋላው ጎማ ስለሚርቅ ያንሳል። እሱ 380 ፒክስል ከሆነ እዚያ ያው 50 ሚሊ ሜትር 33 ፒክስል ብቻ ይሆናል። ሁለቱንም እኩል 40 ካወረድክ መኪናው ከኋላ ጭነት የያዘ ይመስላል፤ ያንተም ሙከራ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ስለዚህ አካሉን ዝም ብለህ ወደ ታች አትጎትት፤ በ"ዲስቶርት" (ማዕዘኖቹን ለየብቻ በሚጎትተው) የፊቱን ጫፍ 40፣ የኋላውን 33 አውርድ።

ቸርኬው ላይም ያው ነው። አዲሱ ጎማ 195/50 በ15 ቢሆን የጎኑ ቁመት ሁለቴ 195፣ ቸርኬው 381፣ በጠቅላላው 576 ሚሊ ሜትር ነው። ከድሮው በ2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይለያል። ጎማው አያድግም፤ የሚያድገው ቸርኬው ነው፣ የሚሳሳው የጎማው ጎን ነው። አንተ ግን ሙሉውን ጎማ አሳድገህ ፓራፋንጎው ውስጥ ሰነቀርከው፤ ስለዚህ የመኪና መጫወቻ መሰለ።

4. አካሉን አውርድ፤ ጎማውን ካለበት አታነቃንቅ። ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህን እንዳትረሳ። መኪና ዝቅ ሲል ሞላው ነው የሚያጥረው፤ ጎማው መሬቱ ላይ በነበረበት ይቆያል፣ አካሉ ወደ ጎማው ይወርዳል። ብዙ ሰው መኪናውን ከነጎማው ቆርጦ ያወርደዋል፤ ያኔ መኪናው አስፋልቱ ውስጥ ሰጠመ ወይም ወደ ካሜራው ቀረበ እንጂ ዝቅ አላለም። አካሉን በፔን ቱል ለብቻው ቁረጥ፣ ሁለቱን ጎማዎች ለየብቻ። የሌየሩ አደራደር ከታች ወደ ላይ እንዲህ ነው፦ ባዶው ቦታ፣ ጥላው፣ የፓራፋንጎው ውስጥ ጨለማ፣ ጎማዎቹ፣ አካሉ። የፓራፋንጎውን ውስጥ ድፍን ጥቁር አትቀባው፤ ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ነጭ) ባለው ልኬት ከ15 እስከ 20 የሆነ ግራጫ ነገር ይሁን፣ ድፍኑ ቀዳዳ ይመስላል።

አካሉ ሲወርድ ከጣሪያው በላይ ቀድሞ ተሸፍኖ የነበረ 40 ፒክስል ያህል ሕንፃ ይገለጣል። ባዶውን ቦታ አንሳ ያልኩህ ለዚህ ነው፤ ከስር ካለ ያለምንም ድካም ብቅ ይላል። ከሌለ የመስኮቶቹን መስመር በክሎን ስታምፕ (ከሌላ ቦታ ቀድቶ በሚለጥፈው) ስትለቅም ትውላለህ። ሌላም ማንም የማያስተውለው ነገር አለ፤ በመስታወቱ ውስጥ አልፎ የሚታየው ሕንፃ ከአካሉ ጋር አብሮ ይወርዳል። በመስታወቱ የሚታየው የግንቡ ጠርዝ ከውጭው ጠርዝ ጋር ካልገጠመ ዓይን ምን እንደሆነ ሳያውቅ "ውሸት ነው" ይላል። መስታወቶቹን በማስክ ቁረጣቸው፣ ከስር ያለው ባዶ ፎቶ ይታይባቸው፣ ከላይ የድሮውን የመስታወት ነጸብራቅ በ"ስክሪን" (ከስሩ ያለውን በሚያበራው የሌየር ዓይነት) መልስላቸው።

ደግሞ ቸርችል ቁልቁለት ነው። መኪናው ያዘነበለ ስለሚመስል ሰው ፎቶውን በመኪናው ልክ ያቃናዋል፤ ከዚያ የመብራት ምሰሶውና ሕንፃው ይጋደማል። ማቃናት ካስፈለገ በሕንፃው ጠርዝ ለካ እንጂ በመኪናው አይደለም። ጥላውንም አግድም አትሳል። የሁለቱን ጎማዎች የታች ጫፍ የሚያገናኝ መስመር አስምርና ጥላው ያንን ይከተል። ስንት እንደሚያስት ለማየት፣ በቀጥታ ከጎን በተነሳ ፎቶ ላይ በጎማዎቹ መካከል 2000 ፒክስል ቢኖርና ቁልቁለቱ 4 ዲግሪ ቢሆን፣ አግድም የተሳለ ጥላ በአንደኛው ጫፍ 140 ፒክስል ይስታል። ያ ማንም የሚያየው ክፍተት ነው።

አሁን ጎማው መሬት የሚነካበትን ቦታ 300 በመቶ አቅርበህ ተመልከተው፣ በእውነተኛው ፎቶ ላይ። የጎማው ታች ክብ አይደለም፤ ክብደት ስላለበት ጠፍጠፍ ብሏል፣ ጎኑም ትንሽ ተነፍቷል። ከኢንተርኔት የወረደ ቸርኬ ከነጎማው ግን ጭነት የለበትምና ድቡልቡል ነው። በዚህ ልኬት ከታች ከ6 እስከ 10 ፒክስል ጠፍጥፈው። ጥላው ሁለት ነው፣ አንድ አይደለም። አንደኛው ጎማው ከአስፋልቱ የሚገናኝበት ቀጭን መስመር ነው፤ በጣም ጥቁር፣ ብለሩ (የጠርዙ ብዥታ) ከ3 እስከ 6 ፒክስል። ሁለተኛው ከመኪናው ሆድ ስር የሚዘረጋው ሰፊ ነው፤ ብለሩ ከ40 እስከ 60፣ ጥንካሬው 50 በመቶ ገደማ። ሁለቱም "መልቲፕላይ" (ከስሩ ያለውን በሚያጨልመው የሌየር ዓይነት) ላይ። አካሉ ስለወረደ ሆዱ ስር የሚገባው ብርሃን ቀንሷል፤ ስለዚህ ሰፊው ጥላ ከድሮው ፎቶ ትንሽ ይጨልም። አቅጣጫውን ደግሞ አትገምት። ቸርችል ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው የሚወርደው፤ አፍንጫው ወደ ማዘጋጃ ቤት የዞረ መኪና ጠዋት ፀሐዩ በቀኙ፣ ከሰዓት በግራው ይመጣበታል።

ቸርኬውን ከየት ላምጣ ላልከው፣ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሂድና የምትፈልገውን ቸርኬ አስፈቅደህ አንሳው። ግን ፊት ለፊት አይደለም። መጀመሪያ የራስህ ፎቶ ላይ የፊት ቸርኬውን ስፋት ለቁመቱ አካፍል፤ 0.65 ከወጣ ቸርኬውን በዚያው ማዕዘን ቆመህ አንሳ። የኋላው ሌላ ቁጥር ይሰጥሃል፣ ለሱ ለብቻው አንሳ፤ የፊቱን ገልብጠህ ኋላ አትለጥፍ። ፊት ለፊት የተነሳውን ጨምቀህ ብታጠበው ክቡ ይገጥም ይሆናል፣ የቸርኬው ጥልቀትና የከንፈሩ ውስጠኛ ጎን ግን አይታይም። 15 ቸርኬ ከነከንፈሩ ወደ 415 ሚሊ ሜትር ነው፣ በፊተኛው ልኬት 332 ፒክስል።

ቀለሙ ላይ ስንመጣ፣ ነጭ መኪና መያዝህ መልካም ነው፤ የአረንጓዴ ሌየር "መልቲፕላይ" አድርገህ አካሉን በማስክ ብትለይ ግማሹ ሥራ አለቀ። ፓራውልቱን፣ ላስቲኮቹን፣ ፍሬቻውን ከማስኩ አውጣ። ቀሪው ግማሽ ነው ሰው የሚዘለው። ነጭ ቀለም ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚበትን የአካባቢውን ነጸብራቅ ይውጠዋል፤ ጥቁር አረንጓዴ ግን እንደ መስታወት ያሳያል። ነጩን ዝም ብለህ ካጨለምከው የደረቀ ኖራ ይመስላል። ስለዚህ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ነገር ለብቻው አንሳ፣ ግራ ቀኙን ገልብጥ፣ በበሮቹ ቅርጽ ልክ አጣምመህ በ"ስክሪን" ከ15 እስከ 25 በመቶ አስቀምጥ። ኮፈኑና ጣሪያው ላይ ሰማይ ነው የሚያርፈው፤ ከአፍንጫው ወደ መስታወቱ የሚቀየር ፈዘዝ ያለ ብርሃን ስጠው። መጨረሻ ላይ በአዲሶቹ ሌየሮች ላይ ከ1 እስከ 2 በመቶ ኖይዝ (ሸካራ ነጠብጣብ) ጨምር፤ የስልክ ፎቶ ሸካራ ነው፣ የቀባኸው ብቻ ሲለሰልስ ያስታውቃል።

በጽሑፍ ትእዛዝ ምስል የሚሠሩትን መሣሪያዎች ተጠቀም ያሉህ አሉ። ለሕንፃው ቀዳዳ መሙያ ይሆናሉ። አካሉን ግን አታስነካቸው፤ የዲኤክሱን የፊት መብራትና ግሪል በሌላ መኪና ፊት ሊቀይሩትና የአባትህ መኪና መሆኑ ሊቀር ይችላል።

ማተሚያ ቤት ስትሄድ ተጠንቀቅ። ሳይነግሩህ ወደ ማተሚያ ቀለም ይቀይሩትና ጥቁር አረንጓዴው ከሰል ሆኖ ይወጣል፤ ስትጠይቃቸው ፋይልህ ነው ጥፋቱ ብለው ያመናጭቁሃል፣ ገንዘቡም አይመለስም። ቀድመህ ራስህ ወደ ሲኤምዋይኬ (ወደዚያው የማተሚያ ቀለም) ቀይረህ እየው፣ መካከለኛውን ብርሃን በከርቭስ (በብርሃን ማስተካከያው) ከ10 እስከ 15 በመቶ አንሳ፣ ከትልቁ በፊት ኤ4 ላይ ሙከራ አስወጣና ቀን ብርሃን ላይ አይተህ ነው የምትከፍለው። ታርጋውንም ከመለጠፍህ በፊት ሸፍነው። ምስሉን አይተህ መኪናውን በእውነት ልታስቀባው ካማረህ ደግሞ ሊብሬው ላይ የተጻፈው ቀለም ነጭ ነው፤ ጋራዥ ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ያንን እንዴት እንደምታስቀይር ጠይቅ።

ባዶውን ቦታ ካነሳችሁ በኋላ ሁለቱን ፎቶዎች በፋይል እዚሁ ላካቸው፤ የጎማዎቹን ልኬት አብረን እናወጣዋለን።