«አጥቢያ ኮከብ» ፕላኔት ከሆነ ስሙ ስሕተት ነውን?

ጥያቄ፦ ልጄን የሥነ ፈለክ ትምህርቷን ሳስጠናት «አጥቢያ ኮከብ» ብዬ የጠራሁትን «ኮከብ አይደለም፤ ቬነስ የምትባል ፕላኔት ናት» ብላ አረመችኝ። ስያሜውን መተው አለብን? «ከዋክብቶች» የሚለውስ ትክክል ነው?

መልስ፦ ልጅዎ በሳይንሱ ትክክል ናት፤ እርስዎም በቋንቋው አልተሳሳቱም። ቬነስ በ225 ቀናት ገደማ ፀሐይን የምትዞርና የፀሐይን ብርሃን የምታንጸባርቅ ፕላኔት ናት። ይሁን እንጂ «ኮከብ» የሳይንስ ቃል ሆኖ ጠባብ ፍቺ ከማግኘቱ አስቀድሞ በሌሊት ሰማይ ለሚያበራ ትንሽ ብርሃን ሁሉ ያገለግል የነበረ ስም ነው። ከበረዶና ከአቧራ የተሠራውን አካል «ጅራታም ኮከብ»፣ ከባቢ አየር ውስጥ ገብቶ የሚቃጠለውን ቁራጭ ደግሞ «ተወርዋሪ ኮከብ» የምንለው በዚሁ ሰፊ ትርጉም ነው፤ ከሁለቱ አንዱም በሳይንሳዊው ፍቺ ኮከብ አይደለም። «ፕላኔት» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ግሪኮች እነዚህን አካላት «ተቅበዝባዥ ከዋክብት» ብለው ከጠሩበት ስም ነው።

ከዚህ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው «አጥቢያ» የሚለው ቃል ነው። ቃሉ «ነጋ» ማለት ከሆነው «ጠባ» የወጣ ሲሆን፣ በግእዝ «ጸብሐ» ከሚለው ጋር አንድ ሥር አለው፤ «መስከረም ሲጠባ» ስንልም የምንጠቀመው ይህንኑ ግስ ነው። «ኮከበ ጽባሕ» የሚለው ግእዛዊ ስም፣ አዲስ አበባ ውስጥ ትምህርት ቤት የሚጠራበት፣ ፍቺው ያው አጥቢያ ኮከብ ነው። እንግዲህ ስሙ ጊዜን በውስጡ ይዟል፤ ጎህ ሳይቀድ በምሥራቅ በኩል የምትታየውን ቬነስን ብቻ ይመለከታል። አንዳንድ ጸሐፊዎች «ማታ በምዕራብ አጥቢያ ኮከብ ወጣ» ብለው ሲጽፉ አነባለሁ፤ ይህ በእውነት መታረም ያለበት አጻጻፍ ነው፤ በዚያ ሰዓት የምትታየው «የምሽት ኮከብ» ናት።

ሁለቱ ስሞች የአንድ አካል መሆናቸው ለጥንት ሰዎች ወዲያው ግልጽ አልነበረም። ቬነስ ከእኛ ሲታይ ከፀሐይ ከ47 ዲግሪ ብዙም ስለማትርቅ እኩለ ሌሊት ላይ በሰማያችን አትገኝም፤ ወይ ፀሐይን ቀድማ ትወጣለች፣ ወይ ተከትላት ትጠልቃለች፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሸጋገርም በፀሐይ ብርሃን ተውጣ ለጥቂት ጊዜ ትሰወራለች። ግሪኮች በመጀመሪያ የንጋቱን «ፎስፎሮስ»፣ የምሽቱን «ሄስፔሮስ» ብለው እንደ ሁለት አካል ቆጠሯቸው። በመስጴጦምያ (በዛሬዋ ኢራቅ አካባቢ) ግን የጥንት ነዋሪዎቿ ሱመራውያን ኢናና የተባለችውን አምላካቸውን ከንጋቱም ከምሽቱም ኮከብ ጋር ያያይዟት ነበር። ኢናና ወደ ሙታን ዓለም ወርዳ በየደጁ ጌጧንና ልብሷን እየተገፈፈች ከሞተች በኋላ እንደገና ወደ ላይ የምትመለስበትን አፈ ታሪክ ብዙ ሊቃውንት ከቬነስ መሰወርና ዳግም መታየት ጋር ያገናኙታል። ሰማዩን ዘወትር ለሚከታተል ሕዝብ ይህ ትረካ የምልከታ መዝገብም ነበር ብዬ አምናለሁ።

በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 14 ቁጥር 12 የባቢሎንን ንጉሥ «አጥቢያ ኮከብ» ብሎ ይጠራዋል፤ ከሁሉ ደምቆ ወጥቶ ፀሐይ ስትወጣ የሚጠፋው ብርሃን ለወደቀ ንጉሥ የተስማማ ምሳሌ ነው። እዚህ ላይ «ፕላኔት ቬነስ» ብንተካበት ንጋቱም ውድቀቱም ከቃሉ ይጠፋሉ። ስለዚህ ስለ ምሕዋርና ስለ ሙቀት ሲጻፍ «ቬነስ» ይባል፤ በግጥም፣ በትረካና በዕለት ንግግር «አጥቢያ ኮከብ» ቦታው ነው። ለተማሪ «አጥቢያ ኮከብ የምንላት ቬነስ ፕላኔት ናት» ብሎ መጻፍ ሁለቱንም ያስማማል።

ሁለተኛው ጥያቄ አጭር መልስ ይበቃዋል። «ከዋክብት» በግእዙ ሥርዓት «ኮከብ» የበዛበት ቅርጽ ስለሆነ «-ኦች» ሲጨመርበት ብዜቱ ይደገማል፤ «ሕፃናቶች» እና «መምህራኖች» ላይ የሚታየው ጉድለት ይኸው ነው። «ከዋክብት» ወይም «ኮከቦች» ይበሉ፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ እኔ በመደበኛ ጽሑፍ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።